ተራው ዝቅ ያለ መቺ

ተወዳጆች፣ ሰውን ለኃላፊነት መምረጥ ደስ ያሰኛል። የተመረጠው ይደሰታል፣ ቤተሰቡ ይደሰታል፣ መራጩም ይመሰገናል። ያ ሰው ሲደክምስ የት እናስቀምጠው? ትናንት ሁሉ ያጨበጨበለትን፣ ዛሬ ግን እጁ አልታዘዝ ያለውን ሰው እንዳለ ብንተወው ሥራው ይጎዳል፤ ብናወርደው ደግሞ እርሱ ይሰበራል። ቡድን የሚመራ፣ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድር፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ጉባኤ የሚጠብቅ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ደጁን ያንኳኳል።

ይህን ጥያቄ አጥርቶ የሚያሳይ አንድ ጨዋታ አውቃለሁ፤ ቤዝቦል ነው። ብዙዎቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ ይገባኛል። እኛ እግር ኳስ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ለብዙ ዓመት ቤዝቦል ሰዎች ቆመው የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ የሚውሉበት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ግሪክና ዕብራይስጥ ተምረናል፤ ስለ ቤዝቦል ግን ያስተማረን አልነበረም። ልጅ ሲወለድ ወላጅ የልጁን አገር ይማራል። ትንሹ ልጄ በሰፈራችን የልጆች ቡድን ሲመዘገብ እኔም አብሬው ተመዘገብሁ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ውኃ አቀባይ ነበርሁ፤ ቀጥሎ ውጤት መዝጋቢ፣ በመጨረሻም ረዳት አሰልጣኝ ሆንሁ። ለነገሩ የገና ጨዋታ ላይ ሩር ሲመታ ላደገ ሰው ዱላና ኳስ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም።

ዘጠኝ ስም ያለበት ወረቀት

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በዱላው መትቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሮጣል። ማረፊያው ቤዝ ይባላል። ቤዞቹን ዞሮ ወደተነሣበት የተመለሰ ሰው ለቡድኑ ነጥብ ያስቆጥራል። ከመቺዎቹ ሦስቱ እስኪወጡ ድረስ ቡድኑ ይመታል፤ ከዚያ ተራው የተጋጣሚው ይሆናል።

ጨዋታው ሳይጀመር አሰልጣኙ የዘጠኝ መቺዎችን ስም በቅደም ተከተል ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ተራው አይለወጥም። አሰልጣኙ አንዱን መቺ በሌላ ሊተካው ይችላል፤ የተተካው ግን በትልቁ ሊግ ወደዚያ ጨዋታ አይመለስም፤ የገባውም የሚመታው በወጣው ሰው ተራ ነው። በእግር ኳስ ፍጹም ቅጣት ምት ስናገኝ ጎበዙን ጠርተን እናስመታለን። በቤዝቦል ይህ የለም። ጨዋታው ምንም ያህል ቢያስጨንቅ፣ ተራው የደረሰው ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣል።

በቆየው ልማድ 1ኛው ፈጣንና ቤዝ ላይ መድረስ የሚያውቅበት ሰው ነው። 2ኛው ኳሱን እምብዛም የማይስት፣ 3ኛው የቡድኑ ምርጥ መቺ ነው። 4ኛው ጉልበተኛው ነው፤ ከእርሱ በፊት የመቱት ቤዝ ላይ ቆመው ከጠበቁት በአንድ ረጅም ምት ሁሉንም ያስገባቸዋልና። ከዚያ በኋላ ያሉት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ወርዋሪዎች ራሳቸው ይመቱ በነበረበት ጊዜ 9ኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የእነርሱ ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ግን በሁለቱም ሊጎች ስለ ወርዋሪው የሚመታ ሌላ ሰው ይመደባል። እንግዲህ ለዓመታት 3ኛ ሲመታ የኖረ ሰው አንድ ቀን ስሙን 8ኛ ላይ ሲያየው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

እስቲ ደግሞ በስሌት እንየው። ጨዋታው የሚያልቀው ከዘጠኙ በአንዱ ሰው ተራ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መቺ ከቀጣዩ ሰው ይልቅ በየ9 ጨዋታው በአማካይ አንድ ተራ ያህል ይበልጥ ያገኛል። የትልቁ ሊግ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንድ ደረጃ በዓመት 18 ተራ ያህል ዋጋ አለው። ከ3ኛ ወደ 7ኛ የወረደ ሰው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቢቆይ 72 ተራ ያህል ይቀርበታል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 3ኛ የሚመታ ሰው አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው ቢጫወት በዓመት 700 ገደማ ተራ ያገኛል። የወረደው ሰው ያጣው ከሥራው ከአሥር አንድ እጅ ነው፤ ዘጠኙ እጅ አሁንም በእጁ ነው። እንቅልፍ የሚነሣው ግን ያ የጎደለው አንድ እጅ ነው።

ደክሟል ወይስ ቀን ጎድሎበት ነው?

ጠቢብ አሰልጣኝ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ይህን ይጠይቃል። ቤዝቦል ውድቀት የበዛበት ጨዋታ ነው። ከ10 ሙከራ ሦስቱን ብቻ የተሳካለት መቺ እንደ ታላቅ ይቆጠራል። ከአራት አንድ ጊዜ የሚሳካለት ደኅና መቺ ደግሞ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ በተከታታይ 10 ጊዜ ሞክሮ ባዶውን የመመለስ ዕድሉ ከ18 አንድ ገደማ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 500 ጊዜ የሚሞክር ሰው እንዲህ ያለ ሳምንት ሳያገኘው አይቀርም። በአንድ ክፉ ሳምንት ሰውን የሚያወርድ አሰልጣኝ፣ ወሩ ሳያልቅ የሚያወርደው ሰው ያጣል።

ስለዚህ አሰልጣኙ ከውጤቱ አልፎ አመታቱን ያያል። ኳሱ ከዱላው በኃይል እየወጣ በተጋጣሚ እጅ ላይ እያረፈ ነው? እንዲህ ከሆነ ትዕግሥት ይበቃል። መምታት የማይገባውን ኳስ እያሳደደ ነው? ፈጣኑ ኳስ ሲመጣ ዱላው እየዘገየ ነው? የእጅ አንጓው ታሞ ደብቆ ይሆን? ቤቱስ ሰላም ነው? ከ2015 ጀምሮ በትልቁ ሊግ ሜዳዎች የተተከሉ መሣሪያዎች እያንዳንዱ ኳስ ከዱላ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት ይለካሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን መሣሪያ አይመልሰውም፤ ሰውየውን ቀርቦ መጠየቅ ይጠይቃል።

ደግሞ መለኪያችን ራሱ ይፈተሽ። በ2023 የፊላዴልፊያ ፊሊሱ ካይል ሽዋርበር የመምታት አማካዩ 0.197 ነበር፤ ከ100 ሙከራ 20 እንኳን አልሞላም። በዚህ ቁጥር ብቻ ያየው ሰው ከወረቀቱ ግርጌ ያስቀምጠዋል። አሰልጣኙ ግን አብዛኛውን የውድድር ዘመን 1ኛ አስመታው። ሰውየው በዚያው ዓመት 47 ሆም ራን መታ፤ ማለትም 47 ጊዜ ኳሱን ከአጥር በላይ ሰደደው። 126 ጊዜ ደግሞ መጥፎውን ኳስ ሳይነካ በትዕግሥት አሳልፎ በነጻ ወደ ቤዝ ሄደ። ሰው በአንድ ሚዛን ቀልሎ በሌላው ሊከብድ ይችላል። የምናወርደውን ሰው በየትኛው ሚዛን እንደመዘንነው ማወቅ ይገባናል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ድካሙ እውነት ሆኖ ቢገኝ አሰልጣኙ ጥቂት መንገዶች አሉት። እንዳለ ሊተወው ይችላል፤ ይህ እምነት ነው፣ ነገር ግን ስምንቱ ባልንጀሮቹ ዋጋውን ይከፍላሉ። አንድ ሁለት ቀን ሊያሳርፈው ይችላል። ወደ ታችኛው ሊግ ሊልከው ይችላል፤ አንዳንዱ እዚያ ይታደሳል፣ አንዳንዱም እዚያው ይቀራል። ወይም በቡድኑ ውስጥ አቆይቶ ተራውን ዝቅ ያደርግለታል። ይህ የመጨረሻው መንገድ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ጥበብ ያለበት ነው፤ በትክክል ከተደረገ። በትክክል መደረጉ ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ታሪኮች ያሳዩናል።

ሜይስና ሮድሪጌዝ

በግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. ዊሊ ሜይስ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ከሚኒያፖሊስ ወደ ኒውዮርክ ጃይንትስ ተጠራ። በታችኛው ሊግ ከ100 ሙከራ 47 ያህሉን እየመታ ነበር። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮቸር ወዲያው 3ኛ አስመታው። ልጁ የመጀመሪያዎቹን 12 ሙከራዎች በሙሉ ባዶ ተመለሰ። በ13ኛው የታላቁን ወርዋሪ የዋረን ስፓንን ኳስ ከአጥር በላይ ሰደደው። ሰው ሁሉ አለፈለት ሲል እንደገና ደረቀ፤ ከ26 ሙከራ አንድ ምት ብቻ። ልጁ አለቀሰ። ይህ ሊግ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ወደ ሚኒያፖሊስ መልሰኝ ብሎ አሰልጣኙን ለመነው።

ዱሮቸር በለስላሳነት የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ለዚህ ልጅ ግን የመለሰለት መልስ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ እኔ የዚህ ቡድን አሰልጣኝ እስከሆንሁ ድረስ የመሐል ሜዳው ጠባቂ አንተ ነህ አለው። ልብ በሉ፣ አሰልጣኙ ነገ ትመታለህ ብሎ ተስፋ አልሰጠውም። 3ኛ ሆነህ ትቀጥላለህም አላለውም። ያረጋገጠለት ሜዳ ላይ ያለውን ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ መምታት ጀመረ፤ በዓመቱም መጨረሻ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ጃይንትስ በነሐሴ ከብሩክሊን ዶጀርስ በ13 ጨዋታ ተኩል ርቀው ነበር፤ ተከታትለው ደረሱባቸውና ጥቅምት 3 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ሁሉን የሚወስነው ጨዋታ ተደረገ። በዚያ ቀን ወረቀት ላይ ሜይስ 3ኛ አልነበረም፤ 7ኛ ነበር። በመጨረሻው ዙር 6ኛው መቺ ቦቢ ቶምሰን በቤዝቦል ታሪክ እጅግ የታወቀውን ሆም ራን ሲመታ፣ ቀጣዩ ባለ ተራ ሜይስ ዱላውን ይዞ ከሜዳው ጠርዝ ይጠብቅ ነበር። ቶምሰን ባይሳካለት ኖሮ የቡድኑ ዕድል ለጊዜውም ቢሆን በዚያ 7ኛ በተጻፈ የ20 ዓመት ልጅ እጅ ይወድቅ ነበር። ይህ ልጅ በኋላ 660 ሆም ራን መትቶ፣ ብዙዎች ከሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ይሉታል።

ሌላውን ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። በጥቅምት 2006 ኒውዮርክ ያንኪስ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር በጥሎ ማለፍ ተገናኙ። አሰልጣኙ ጆ ቶሬ ያንኪስን 4 ጊዜ ለወርልድ ሲሪስ ድል ያበቃ የተከበረ ሰው ነው። አሌክስ ሮድሪጌዝ ደግሞ ባለፈው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ መቺ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ዱላው አልሠራለትም። ተራው ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ተቀያየረ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ 6ኛ፣ በሦስተኛው 4ኛ። ካልተሸነፉ በሚቀጥሉበት በአራተኛው ጨዋታ ስሙ 8ኛ ላይ ተጻፈ። ያንኪስ 8 ለ 3 ተሸነፉና ከውድድሩ ወጡ። ሮድሪጌዝ በዚያ ሁሉ ጨዋታ ከ14 ሙከራ አንድ ምት ብቻ ነበረው። ዛሬም ስለዚያ ጨዋታ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን 8 ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው፣ በያው አሰልጣኝ ሥር፣ ወደ 4ኛ ተመልሶ 54 ሆም ራን መታ፤ ዳግመኛም የሊጉ ምርጥ ተባለ።

በሁለቱ መካከል ምን ነበር ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ በዚያ ቤት አልነበርሁምና በሰዎቹ ላይ አልፈርድም። የምለው ስለ ጊዜው ብቻ ነው። ጭንቀት ጫፍ ሲደርስ፣ በየቀኑ እየተቀያየረ የሚጻፍ ቁጥር ሰውን አያሳርፍም። ከመጀመሪያው፣ ሰውየው ገና ሲያለቅስ፣ ቦታህ ይህ ነው ተብሎ ከተነገረው ግን በኋላ 7ኛ ቢጻፍም 3ኛ ቢጻፍም ይሸከመዋል። ቦታና ቁጥር ሁለት ነገሮች ናቸው። ቁጥሩ የሚወሰነው ቡድኑ ዛሬ በሚያስፈልገው ነው፤ ቦታው ግን የቤተሰብነት ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቀን ከቤት የተባረረ ይመስለዋል።

በእኛ ሜዳ

እኔም በአቅሜ ይህ ደርሶብኛል። በቡድናችን አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በውድድሩ መጀመሪያ 3ኛ ይመታ ነበር፤ ቡድኑም በእርሱ ይተማመን ነበር። ከዚያ አምስት ጨዋታ ሙሉ አንድም ምት አጣ። ውጤት የምመዘግበው እኔ ስለነበርሁ ዋናው አሰልጣኝ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ፤ አንተ አስብበት አለኝ። የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው አመሸሁ። በልጆቹ ሊግ የመጣው ሁሉ ይመታልና ወረቀቱ 11 ስም ነበረው። ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጥታ አየችውና፣ «የስብከት ዝግጅት እንኳ እንዲህ አያስመሽህም» ብላ ሳቀች።

ወደ መዝገቤ ተመልሼ አየሁት። ምቱ የጠፋው ኳስ ክርኑን ከመታው ቀን ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወርዋሪው እጁን ሲያነሣ የልጁ የፊት እግር ወደ ውጭ ይሸሻል። እግር ከሸሸ ዱላው ኳሱ ላይ አይደርስም። የልጁ ክንድ አልደከመም፤ ፍርሃት ገብቶበታል። የፈራን ልጅ 3ኛ ማስመታት ሰው ሁሉ ባፈጠጠበት ቦታ ፍርሃቱን ማራባት ነው። የመጨረሻው ስም ላይ መጻፍም ፍርሃቱ እውነት ነው ብሎ መፈረም ነው። 7ኛ ላይ ጻፍሁት። በሜዳ ላይ የሚጠብቀውን ቦታ ግን አልነካሁበትም።

ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ልጁን ለብቻው ወሰድሁት። «ልጄ፣ ዛሬ 7ኛ ትመታለህ። ሜዳ ላይ ቦታህ ያው ነው፤ እሱን ማንም አይወስድብህም» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለና፣ «እስከ መቼ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት። እውነቱ ይህ ነበርና። «ከልምምድ በፊት ግን በቴኒስ ኳስ እየወረወርሁልህ እንለማመዳለን። ቢነካህም አያምህም። እግርህ መሸሹን ሲተው የቀረው ይመጣል።»

አስቸጋሪው ከአባቱ ጋር የነበረው ወሬ ነው። አባቱ ያገራችን ሰው ነው፤ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ የልጁን ጨዋታ ለማየት እንቅልፉን ይሠዋል። «ፓስተር፣ ልጄን አወረዱት አሉኝ» አለኝ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። «እኔ ስንት ሌሊት ሠርቼ አንድ ቀን ስመጣ 7ኛ ሲመታ ነው የማየው?»

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጌ ልመልሰው አልቻልሁም። በባዕድ አገር የልጁ ከፍታ የራሱ ድካም ዋጋ የሆነበት አባት ነው የጠየቀኝ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። «ወንድሜ» አልሁት፣ «ልጅህ ፈርቷል። 3ኛ ሲፈራ ከምታየው 7ኛ ቆሞ ሲደፍር ብታየው ይሻላል። ደግሞ ልጁ ዱላውን ይዞ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንተን ፊት ነው። ቁጥሩን ካንተ ፊት ላይ እንዳያነብ እባክህ።»

መጣ። ልጁ በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ስቶ ወጣ። አንድ ጊዜ መጥፎ ኳሶችን በትዕግሥት አሳልፎ በነጻ ወደ ቤዝ ሄደ። በሦስተኛው ኳሱን መሬት ለመሬት መትቶ ከመድረሱ በፊት ተያዘበት። በመዝገብ ላይ ያ ባዶ ነው። ነገር ግን እግሩ አልሸሸም። አባቱ ያንን አይቶ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ወላጆች ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። የመጀመሪያው ምት የመጣው ከሁለት ጨዋታ በኋላ ነው። ልጁ ዓመቱን 6ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ወደ 3ኛ አልተመለሰም። ያነን ተራ ሌላ ልጅ በሚገባ ይዞት ነበር። እርሱ ግን ጨዋታውን አልተወም።

ሕዝብም ድርሻ አለው

ሁሉንም ነገር ለአሰልጣኙ ብቻ አንተውለት። ትሬ ተርነር በ11 ዓመት ውል፣ በ300 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላዴልፊያ መጣ። በ2023 የመጀመሪያ ዓመቱ ግን አልሆነለትም፤ በነሐሴ መጀመሪያ አማካዩ 0.235 ነበር። አሰልጣኙም ተራውን ወደ ታች አውርዶት ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የፊላዴልፊያ ሕዝብም የራሱን ተጫዋች በመጮህ የታወቀ ነው። ነሐሴ 4 ቀን ግን ሌላ ነገር ሆነ። ተርነር ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሕዝቡ ተነሥቶ ቆመ፤ አጨበጨበለትም። ምንም ሳይመታ፣ ገና ሳይሞክር። ከዚያ በቀሩት 48 ጨዋታዎቹ ከ100 ሙከራ ወደ 34 ያህሉ ተሳካለት፤ 16 ሆም ራንም መታ። በኋላ በከተማው የመንገድ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ሕዝቡን አመሰገነ።

ጭብጨባው ዱላውን አቀናው ብዬ አልምልም፤ ጥሩ መቺ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ጊዜም አለ። ነገር ግን አሰልጣኝ ቁጥርን ሲያወርድ፣ ሕዝብ ቦታን ሊያጸና ይችላል። በዚያ ምሽት ሰውየው ተራው ዝቅ ብሎ ሳለ የእኛ ነህ ተባለ።

ቃሉ ውስጥም ይህ አለ። ወጣቱ ማርቆስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ጉዞ ጀምሮ በመንገድ ላይ ተለይቷቸው ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ ጳውሎስ ሊወስደው አልፈለገም፤ የሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ ክርክሩ ብርቱ እንደነበረ አይደብቅም። ጳውሎስ ሥራውን አየ፤ በርናባስ ልጁን አየ፤ ይዞትም ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ሁለቱም የጌታ ሰዎች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛው መልእክት መጨረሻ ላይ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። በመካከል የነበሩትን ዓመታት ያን ሰው ያቆየው፣ ከጉዞው ቢቀርም ከቤተሰቡ አለመቅረቱ ይመስለኛል።

በቅርቡ ይህ ወደ እኔም መጣ። ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪሙ ድምፄን እንዳሳርፍ አዘዘኝ። ሽማግሌዎቻችን በስልክ አልነገሩኝም፤ ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና ተጠጣ፣ ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ከመካከላቸው ታላቁ፣ «ፓስተር፣ እርስዎ እረኛችን ነዎት፤ ይህ አይለወጥም። የእሁዱን ስብከት ግን ተራ እንግባበት፤ እርስዎ በወር አንድ ጊዜ ይሁንልዎ» አሉኝ። ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። ሃያ ዓመት በየእሁዱ የቆምሁበት መድረክ ነው። በወሩ መጀመሪያ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስሜ አራተኛው እሁድ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያመኛል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን አስተውያለሁ፤ መጀመሪያ ቦታዬን ነገሩኝ፣ ቀጥሎ ቁጥሬን። በዚህ ምክንያት አሁን ወጣቱ ወንድማችን ሲሰብክ ፊት ለፊት ተቀምጬ አሜን ማለት ይቻለኛል።

እንግዲህ ወረቀቱን የምትጽፉ ወገኖች፣ ከመጻፋችሁ በፊት መርምሩ፤ በአንድ ሳምንት አትፍረዱ፤ ሚዛናችሁን ፈትሹ። መጻፍ ግድ ከሆነ ሰውየው ከግድግዳ ላይ አያንብበው፤ ከአፋችሁ ይስማው፤ ቦታውን አስቀድማችሁ፣ ቁጥሩን አስከትላችሁ። የማታውቁትን ተስፋ አትስጡት።

ስማችሁ ዝቅ ብሎ የተጻፈባችሁ ደግሞ ይህን አስቡ። ወረቀቱ እንደ ተጻፈው የሚሆነው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው በቆመበት ስለሚቀጥል፣ 7ኛው ሰው ዙር ከፋች ይሆናል፤ 8ኛው ቤዞቹ ሁሉ ሞልተው ይደርሰዋል። ወሳኙ ሰዓት በማን ተራ እንደሚመጣ ወረቀቱን የጻፈውም አያውቅም። የተረፋችሁ ዘጠኝ እጅ ብዙ ነው። ዱላችሁን አታስቀምጡ፣ እግራችሁም አይሽሽ። ተራችሁ ይደርሳል።

ጌታ ጸጋውን ያብዛላችሁ። ተባረኩልኝ።